የመሰከርኩበት ክኒን

ዲላ፣ መስከረም 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ለወንድሜ ልጅ ለሲራክ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ይብዛልህ። እንደምን ከርመሃል? ናይሮቢስ እንዴት ይዛሃለች? እኔና ልጄ ኤልቤቴል፣ ክብር ለእግዚአብሔር፣ ደህና ነን። እሷ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ገብታለች፤ ከእኔ በላይ ታውቃለች፣ ከእኔ በላይ ትተኛለች።

በዚህ በቴሌግራም ዘመን ደብዳቤ ስጽፍልህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሳቅ። እኛ ቤት ስልክ ማለት ኤልቤቴል ማለት ናት። ስናወራ ድምፁን ከፍ አድርጋ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ መልእክት ብትልክም ቀድማ የምታነበው እሷ ናት። የምነግርህ ነገር ደግሞ ለእሷ ጆሮ አይደለም። ስለዚህ ሞያሌ ድረስ ጭነት ለሚያመላልሰው ለጎረቤታችን ለጓንጉል ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያደርሰውን ሰው እሱ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ፣ አጎትህ ጥበቡ፣ ከወርቃ ሲመለስ ሞተሩ ጭቃ ላይ ተንሸራትቶበት ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የለቅሶው ሰሞን አንድ ሐኪም ለሁለት ሳምንት ብሎ ዲያዜፓም አዘዘልኝ። ጌታ ይባርከው፣ ተኛሁ። ሁለት ሳምንቱ አለቀ፤ ሐዘኑ አላለቀም። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጅ ደንበኛዬ ናት፤ ጋውኗን የምሰፋላት እኔ ስለሆንኩ ዝም ብላ ትሰጠኝ ነበር። ይኸው ዓመት አለፈው። መጀመሪያ ግማሿ ትጥለኝ ነበር፤ ከዚያ አንድ ሆነ፤ አሁን ሁለት ውጬም ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። ጥበቡም በሕልሜ እንኳ አይመጣም። እሱ ነው ከሁሉም የሚያናድደኝ።

ሰሞኑን ልጅቷ «ቁጥጥር መጥቷል፣ ያለ ሐኪም ወረቀት አልሰጥም» ብላኛለች። አንተ ትልቅ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ተቀምጠህ ለአክስትህ አንድ ብልቃጥ አታጣም። ጠንከር ያለ ካለ እሱን ላክልኝ። ከላክህ አይቀር ደግሞ ንገረኝ፦ ይቺ አዝራር የማታህል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ የምትሠራው ምንድን ነው? የጉንፋን ክኒንም ያስተኛል ይላሉ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው?

ለኤልቤቴል እንዳትነግራት አደራ። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ በክኒን ነው የምትተኛው ከተባለ በምን ፊቴ እሰበስባቸዋለሁ?

ጌታ ከክፉ ይጠብቅህ።
አክስትህ አትጠገብ


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እቴቴ፣

ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም ሰላም ነው። ደብዳቤሽ የበርበሬና የናፍጣ ሽታ ይዞ ደረሰልኝ፤ ጓንጉል ምን ላይ አስቀምጦት እንደመጣ እሱ ይወቀው።

ክኒን አልልክልሽም። አሁን ተቆጪ፤ ሲበርድልሽ ቀጥለሽ አንብቢ።

አእምሯችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የነርቭ ሴሎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ይውላሉ። አንዱ ወገን «ተነስ፣ ተጠንቀቅ» ይላል፤ ሌላው «በቃ፣ ዕረፍ» ይላል። «ዕረፍ» የሚለውን መልእክት የሚያደርስ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሰውነትሽ ራሱ ነው የሚሠራው። ጋባ ሴሉ ላይ ያለውን በር ሲነካ በሩ ይከፈታል፣ ክሎራይድ የሚባል ነገር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሴሉም ይረጋጋል፤ በትንሽ በትልቁ አይቆጣም። ዲያዜፓም አዲስ ዕረፍት ይዞልሽ አይመጣም። በሩ ጎን ይቀመጥና ጋባ በነካው ቁጥር ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያግዘዋል። ስፌት መኪናሽ ሲከንፍ መንኮራኩሩን በመዳፍሽ ያዝ እንደምታደርጊው ማለት ነው። ፍርሃቱ ይረግባል፣ ጡንቻው ይላላል፣ እንቅልፍ ይመጣል።

የጉንፋኑ ክኒን መንገዱ ሌላ ነው። አእምሮ ነቅቶ እንዲቆይ የሚያደርግ ሂስታሚን የሚባል ነገር አለ፤ አንዳንዱ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒን እሱን ስለሚከልለው ያፈዛል። አንድ አይደሉም፤ ግን ሁለቱም ያፈዛሉና እንዳትደርቢያቸው።

ሴሎችሽ ታዲያ ሞኞች አይደሉም። እርዳታው በየቀኑ ሲመጣላቸው የራሳቸውን ሥራ ይቀንሳሉ። በሮቹ ይደነዝዛሉ፤ «ተነስ» ባዩ ወገን ደግሞ ለመሰማት ሲል ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ግማሿ አንድ፣ አንዱም ሁለት የሆነብሽ ለዚህ ነው። የምትተኚው እንቅልፍም ቢሆን ጥልቁና ሕልም የሚታይበት ክፍል ይጎድለዋል። አጎቴ ያልመጣው ረስቶሽ አይደለም። ክኒኑ ሐዘንሽን ያፈዘዋል እንጂ አያድንሽም።

አሁን ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ፤ ከሁሉም በላይ ይኼን ስሚኝ። ተነስተሽ በአንድ ቀን እንዳታቆሚው። ያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የቆየው ወገን የሚያረግበው አጥቶ ብቻውን ይቀራል፤ ያንቀጠቅጣል፣ ሲብስ ጥሎ ያንፈራግጣል፣ ሊገድልም ይችላል። ሐኪም ዘንድ ሂጂና እውነቱን ንገሪው። በትንሽ በትንሹ፣ በወራት ነው የሚቀነሰው።

ለኤልቤቴል አልነግራትም። አንቺ ብትነግሪያት ግን ደስ ይለኛል።

የምወድሽ ልጅሽ ሲራክ


ዲላ፣ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲራክ፣

ሃሌ ሉያ! ሰላምታዬን ከዚህ ጀምሬያለሁ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። «አያድንሽም» ያልከው ቃል ልቤ ላይ ቀረ። ካላዳነኝ ለምን ተሸክሜው እዞራለሁ ብዬ አሰብኩ። የጾም ጸሎታችን መዝጊያ እሑድ ፓስተር ኃይለኢየሱስ «ምስክርነት ያለው ይምጣ» ሲል እግሬ ራሱ ተነሳ። የቀረኝን ክኒን ከቦርሳዬ አውጥቼ በጉባኤው ፊት «ከዛሬ ጀምሮ እንቅልፌ ከጌታ ነው» አልኩ። ጭብጨባውን ብታይ! ሽማግሌዎቹ ተቀብለውኝ መጸዳጃ ቤት ደፉት። ኤልቤቴልም ሰምታ አለቀሰች፤ ምስጢሬም በዚያው አበቃለት። አንዱ ወጣት በስልኩ ቀርጾ በቤተ ክርስቲያኑ ቴሌግራም ለቆታል። ኮንጋ ድረስ አይተውኛል አሉ! ቅዳሜ ገበያ የመጡ የማላውቃቸው ሴቶች እጄን ይዘው ባረኩኝ።

ሁለተኛውን ገጽ አላነበበችውም እንዳትለኝ። አንብቤዋለሁ። እሱ እምነት ለሌለው ሰው የተጻፈ ሆኖ ታየኝ፤ አትቀየመኝ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቅልል ብሎኝ ሰነበትኩ። አሁን ትንሽ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ደግሞ ያልበኛል። የባጃጅ ጥሩንባ በሰማሁ ቁጥር ከወንበሬ እዘላለሁ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶኝ ኤልቤቴል ናት የምታስገባልኝ። እህቶች ጠላት ተናዶ ነው ይላሉ። ጽሑፌ ቢንጋደድብህ ብርዱ ነው።

ክኒኑን እርሳው። በምትኩ ለመዘምራን ልብስ የሚሆን ሐምራዊ ሳቲን ፈልግልኝ፤ እዚያ ጥሩ ጥሩው አለ ይላሉ። ጓንጉል በዚህ ጉዞው ራሱ ናይሮቢ ስለሚዘልቅ ቶሎ ይደርስሃል።

በድል ያለችው አክስትህ አትጠገብ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ሰላምታውን አንቺው ሙይልኝ፤ ጊዜ የለኝም።

ጓንጉል ደብዳቤሽን ዛሬ ጠዋት ሰጠኝ። ቃሉን ትቼ ፊደሉን ነው ያየሁት። ወዲያው ደወልኩ፤ «ደህና ነኝ፣ ክብር ለጌታ» ብለሽ ስልኩን ለኤልቤቴል መለስሽላት። ለእሷ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብትልሽ «መስክሬ አልመለስም» አልሻት። ስለዚህ ይኼን ጽፌ ፎቶ አንስቼ ልኬላታለሁ፤ አሳትማ ትሰጥሻለች። እባክሽ አንብቢው።

ብርድ ብርድ የሚልሽ ብርድ አይደለም። ጠላትም አይደለም። ዲያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ለወራት ስትወስጂው ተጠራቅሞ ይቆይና ቀስ እያለ ይሟጠጣል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የቀለለሽ ገና ውስጥሽ ስለነበረ ነው። አሁን እያለቀ ነው። በሮቹ ገና እንደደነዘዙ ናቸው፣ «ተነስ» ባዩ ወገን ገና እንደጮኸ ነው፣ መሃል ገብቶ የሚያረጋጋቸው ግን የለም። ጥሩንባው የሚያዘልልሽ፣ እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው የምፈራው።

ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ቢደፋ ምን ትይዋለሽ? ለማቆም መወሰንሽ ውሸት ነው አላልኩም። ልብሽ አቁሟል፤ ሰውነትሽ ግን ገና መንገድ ላይ ነው፤ ጠብቂው። ካፈርሽ ይኼን ለፓስተር ኃይለኢየሱስ አስነብቢውና እሱ ይፍረደን። ብቻ ዛሬ ሂጂ። ነገ አትበይኝ።

እናቴ ስትሞት በእጅሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ሌላ እናት የለኝም።

ሲራክ


ዲላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲራክ፣

እንደምን ሰነበትክ? በሕይወት አለሁ፤ ጌታ ይመስገን። ኤልቤቴል በስልክ ሁሉንም እንደነገረችህ አውቃለሁ፤ ግን ከእኔ አፍ ካልሰማህ ደስ አይለኝም።

ደብዳቤህን አሳትማ ሰጥታኝ ነበር፤ ሳላነበው ትራስ ሥር አስገባሁት። በዚያው ሳምንት ረቡዕ የሴቶች ኅብረት ፕሮግራም ላይ መዝሙር እየመራሁ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገሩኝን ነው የማውቀው። ወድቄ ተንፈራገጥኩ። እህቶች ከበውኝ «ውጣ!» እያሉ ጮኹ፤ እኔ ዘንድ ደግሞ የሚወጣ የለ። ፓስተር ኃይለኢየሱስ ከቢሮው ሮጦ መጣና «ጸልዩ፣ ግን ራቅ ብላችሁ፤ አየር ስጧት» አለ። ታናሽ ወንድሙን የሚጥል በሽታ ስለሚጥለው ያውቃል። በጎኔ አስተኝቶ ኮቱን ከራሴ ሥር አደረገልኝ፤ ከዚያ በባጃጅ ሐኪም ቤት። ኤልቤቴል ደርሳ የላክህላትን እዚያው ባጃጁ ውስጥ በስልኳ ፓስተሩን አስነበበችው።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ክኒኑን መልሶ አስጀመረኝና አሁን በየሳምንታቱ ትንሽ ትንሽ ይቀንስልኛል። እጄ ተመለሰ፤ ክር አስገባለሁ። ግን ማታ አፌ ውስጥ ሳደርጋት በጉባኤ ፊት የተፋሁትን መልሼ የምልስ ይመስለኛል። ከፓስተሩና ከኤልቤቴል በቀር የሚያውቅ የለም።

ለእህቶች «ወባ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው» ተባለላቸው። ማን እንዳለው አላውቅም፤ እኔም አላስተባበልኩም። ቆጮና ጎመን ይዘው እየመጡ «ክኒኑንም ጣልሽ፣ ወባውንም ረታሽ» ይሉኛል። አሜን እላለሁ። ሩሃማ ትዝ ትልሃለች? ያቺ ዝምተኛ፣ መዘምራን ውስጥ ከኋላዬ የምትቆመው። ለካ እሷም ስትወስድ ኖራለች። «በጥር ጾም ጸሎት እንዳንቺ እኔም ልጥለው ነው» ብላ ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ። ጎበዝ አልኳት።

አንድ ነገር ልንገርህ። ከተቀነሰልኝ ወዲህ ጥበቡ መጣ። በሕልሜ ሞተሩን ሲያጥብ አየሁት፤ ቀና ብሎም አላየኝ፣ ሥራ ላይ ነበር። ነቅቼ አለቀስኩ። የቀብሩ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ያን ጊዜ አፍዝዘውኝ ነበርና ባሌን በወጉ አላለቀስኩትም ልጄ።

ጭንቅላቴ ግን ተበላሽቶ ሊቀር ነው? እውነቱን ጻፍልኝ። ሳቲኑን ተወው፤ ምን ዓይነት ልብስ ለብሼ ነው የምዘምረው።

አክስትህ አትጠገብ


ናይሮቢ፣ ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እቴቴ፣

እንኳን ለገና በሰላም አደረሰሽ። ስለ ሕልምሽ ያነበብኩት መድኃኒት ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር፤ አለቀስኩ። አንዲት ታካሚ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ተወደደ እንዴ?» ብላ አሳቀችኝ።

አልተበላሸሽም። በሮቹ አልተሰበሩም፤ ደንዝዘው ነው። ክኒኑ በትንሹ በቀነሰ ቁጥር ሴሎቹ የተዉትን ሥራ መልሰው ይይዛሉ፣ የጮኸውም ወገን ድምፁን ይቀንሳል። በየቅነሳው ጥቂት ሌሊት ትረበሺ ይሆናል፤ ያ እየተስተካከለ ያለ አእምሮ ጠባይ ነው። ከከበደሽ ሐኪሙ አንድ ደረጃ ላይ ቆም ያደርግሻል፤ ውድድር አይደለም። ሕልሙም የሚመለሰው ያ የጎደለው የእንቅልፍ ክፍል ስለተመለሰ ነው። አልቅሺው። አሁን ነው ጊዜው።

አሁን ግን ልቆጣሽ ነው፤ ፍቀጂልኝ።

«ጎበዝ አልኳት» ያልሽው ላይ ስደርስ ቁጭ ማለት አቃተኝ። እቴቴ፣ አንቺ የወደቅሽው ኮት የሚያነጥፍ ሰው ባለበት ነው። ሩሃማ ቤቷ ለብቻዋ ብትወድቅስ? በእሳት አጠገብ ብትወድቅስ? ቪዲዮሽ አሁንም ይዞራል፤ ኮንጋ ድረስ አይተውኛል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ካዩት ውስጥ ስንቷ ቦርሳዋ ውስጥ ብልቃጥ እንዳላት እኔም አንቺም አናውቅም። ወባ ነው ሲሉሽ አሜን ያልሽው ለእነሱ «ጣሉት፣ ምንም አይሆንም» ማለት ነው።

እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም፤ ኑሮዬ ክኒን መሸጥ ነው ይላሉ። ፓስተሩም ቢነግራቸው አንቺን ያዋረደ ይመስላቸዋል። የሚሰሙት ከአንቺ ብቻ ነው። የምጠይቅሽ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የጥር ጾም ጸሎት ሳይዘጋ አድርጊው።

አክባሪሽ ልጅሽ ሲራክ


ዲላ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲራክ፣

ሰላምህ ይብዛ። መልሴ የዘገየው ተቀይሜህ ነው። ሰሞኑን በስልክ ስትጠይቀኝ የነበረውንም የመለስኩልህ በ«ደህና ነኝ» ብቻ ነበር። ቂሜ እስኪወጣልኝ ጊዜ ወሰደ፤ አሁን ወጥቷል።

ደብዳቤህን ይዤ ብዙ ጊዜ ተብሰለሰልኩ። ይኼ ልጅ እዚያ ሆኖ ምን ያውቃል እያልኩ ጨርቅ ቀደድኩ፣ ሰፋሁ። ጾም ጸሎቱ ሲገባ ሩሃማን አየኋት። ፊቷ ከስቷል፣ ግን ደስ ብሏታል፤ እንደ ሙሽራ ቀኑን ትጠብቃለች። ለእሷ ብቻ በጆሮዋ ልንገራትና ልገላገል ብዬም ነበር። ግን እኔ የመሰከርኩት በጆሮ አልነበረም።

የመዝጊያው እሑድ ፓስተሩ «ምስክርነት ያለው» ሳይል በፊት ተነሳሁ። ጉባኤው ከአሁኑ ማጨብጨብ ጀመረ። ማይኩን ያዝኩና «እኔ ትናንት ማታ ክኒን ውጬ ነው ያደርኩት፤ ዛሬም እውጣለሁ» አልኳቸው። ጭብጨባው ተቆረጠ። «ያን ረቡዕ የጣለኝ ወባ አይደለም። ክኒኑን በአንዴ ስለተውኩ ነው፤ ልሞት ነበር። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። የምትወስድ እህት ካለች ዛሬ እዚህ እንዳትጥለው፤ ቀስ ብላ፣ በሐኪም ትተወው። እኔም እንደዚያ እየተውኩ ነው፤ ጌታ በዚያም መንገድ አልተለየኝም።» በሩን ጨምሬ፣ ጋባውን ጨምሬ፣ አንተ እንዳስረዳኸኝ አስረዳሁ። ክሎራይዱ ላይ ትንሽ ተደነባበርኩ።

ማንም አሜን አላለም። ፓስተር ኃይለኢየሱስ ብቻ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ስንወጣ በር ላይ እጄን የጨበጠኝ ጥቂት ሰው ነው። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ጠርተው «እስክትጠነክሪ ከሰብሳቢነቱ ዕረፊ» አሉኝ። በጨዋነት ነው የነገሩኝ፤ ግን አመመኝ። ያን ኅብረት ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። ለምን ሰማሁህ አልኩ፤ አንተንም ረገምኩህ፣ ይቅር በለኝ።

ማክሰኞ ሱቄን ከፍቼ ስሰፋ አንዲት እህት የተበላሸ ዚፕ ይዛ መጣች። ዚፑ ደህና ነው። ሌላ ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀችና «አንቺን የሚያክምሽ ሐኪም ይቆጣል?» አለችኝ። አይቆጣም አልኳት። ከሰዓት ደግሞ ሌላዋ ጫፉ ያልተተረተረ ቀሚስ ጫፉን ስፊልኝ ብላ መጣች። ረቡዕ ሩሃማ መጣች። እሷ ምንም አልያዘችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። «ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ሄጄ ነበር፤ ከአንቺ ቀጥሎ ልነሳ ነበር» አለች። አቅፌያት አብረን አለቀስን።

አርብ አራታችን በአንድ ባጃጅ ተጠቅጥቀን ሐኪም ቤት ሄድን። ሾፌሩ ከሦስት በላይ አልጭንም ብሎ ሲያንገራግር ሩሃማ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ነርሷ ቀና ብላ ብዛታችንን አየችና ተቆጣች። «ታማሚዋ ብቻ ትቅር፤ አስታማሚዎች ውጪ ጠብቁ» አለች።

አንዳችንም አልወጣንም።

አክስትህ አትጠገብ